አንድ ጊዜ ብቻ የተጻፈው ምዕራፍ

የአምብሮዝን ሞት የሰማሁት ዋተር ስትሪት ላይ መኪናዬን ፓርክ አድርጌ፣ የማደርሰው የሰው ምሳ ተዘጋጅቶ እስኪወጣ ስጠብቅ ነው። ስልኬን ስነካካ ፎቶግራፋቸው ወጣ። የድሮ ነው። ጸጉራቸው ገና ጥቁር፣ እጆቻቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ፣ ከኋላቸው ጭጋግ የዋጠው ሜዳ። ዕውቁ እንግሊዛዊ የፋንታሲ ደራሲ ላስ ቬጋስ አቅራቢያ በሚገኘው መኖሪያቸው ዐረፉ ይላል። ከሥሩ ድምፃቸውን እንኳ ሰምተው የማያውቁ ሰዎች የሻማ ምልክት ደርድረዋል። ምሳው ወጥቶ ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም።

አክስቴ አስካለ ጋ ደወልኩ።

«ሰማህ እንዴ?» አለች። ድምጿ ውስጥ ካለው ሐዘን ይልቅ ብስጭቱ በለጠብኝ። «ማነው የነገረህ?»

«ስልኬ ላይ አየሁት።»

«ይሄ ስልክ እሳት ይብላው! ነገ ጠዋት እነ አቶ መርጊያን ይዤ ልመጣ አልነበር? ማን ሺፍት እንዳለው ማን እንደሌለው ሁሉ ቼክ አድርጌ...»

ለካ ከትናንት ጀምሮ ታውቃለች። ሲያርፉም አጠገባቸው የነበረችው እሷ ናት። ለአክስቴ መርዶ ወግ ያለው ሥራ ነው። ሐዘንተኛው በጠዋት፣ በቤቱ፣ ሰው ከቦት መረዳት አለበት። ብቻውን፣ በመንገድ፣ በስልክ የሰማ ሰው ለእሷ እንደተደበደበ ሰው ነው። ይህ ወግ በአምብሮዝ ላይ ያደረሰውን እኔም እሷም አይተናል። እሷ ግን አልተወችውም። ለምን እንዳልተወችው ሳስብ አንዳንድ ቀን እናደዳለሁ፤ አንዳንድ ቀን ደግሞ የሚገባኝ ይመስለኛል።

ኮሮና ገብቶ ካዚኖዎቹ ሲዘጉ የምሠራበት ቡፌ አብሮ ተዘጋ። ሌላው ቦታ በበጋው ሲከፈት ቡፌን ግን ማንም አልደፈረውም። ሰው ሁሉ በአንድ ጭልፋ የሚቀዳበት ዘመን አለፈ ተባለ። አክስቴ ያኔ «አንተም» (Anthem) በሚባለው በር ጠባቂ ያለው ሰፈር ውስጥ፣ ኮረብታው ላይ፣ ዓይናቸው የደከመ አንድ ሽማግሌ ትንከባከብ ነበር። በሰማንያዎቹ በሱዳን በኩል ወጥታ፣ ዕድሜዋን የሆቴል አንሶላ ስታጥፍ ኖራ፣ ጉልበቷ እምቢ ሲላት ነው ወደዚህ ሥራ የዞረችው። አንድ ቀን ደወለችልኝ።

«ሰውዬው ታይፕ የሚያደርግለት ሰው ይፈልጋል። አንተ ግጥም ትጽፍ የለ?»

«በአማርኛ እኮ ነው የምጽፈው።»

«ታዲያ ጣት አማርኛና እንግሊዝኛ ይለያል?»

ስሄድ አምብሮዝ በረንዳው ላይ ጭንብላቸውን አገጫቸው ላይ አንጠልጥለው ተቀምጠዋል። ረጅም ናቸው፤ ሲነሱ መነሳታቸው የማያልቅ ይመስላል። ማን እንደሆኑ አላውቅም ነበር። ምን ሠርቼ እንደማውቅ ጠየቁኝ። ቡፌ ውስጥ ሳህን አነሳ እንደነበር ነገርኳቸው።

«ግሩም ነው» አሉ። «ሰው ምን አስተርፎ እንደሚሄድ ታውቃለህ ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ የደራሲ ትምህርት ቤት አላውቅም።»

ማታ ስማቸውን ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ስድስት መጻሕፍት አገኘሁ። ስድስቱም የአንድ ታሪክ ክፍሎች ናቸው። ዝናቧ የተሰረቀባት መንደር አለች። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው ዝናቡን ፈልጎ የሚያመጣ ሰው ሲመርጡ፣ ብትጠፋም ብዙ የማታጎድል ናት ብለው የአንድ ቤት የመጨረሻ ልጅ ላኩ። በመጻሕፍቱ ውስጥ ስሟ ታናሿ ብቻ ነው። በስድስተኛው መጽሐፍ ማብቂያ ዝናቡን አግኝታ በወተት ቆርቆሮ ውስጥ ከድናዋለች። ሰባተኛው የመልስ ጉዞዋ ነው። እኛ የምንጽፈው እሱን ነበር።

አምብሮዝ ያደጉት ዝናብ በማያባራበት የእንግሊዝ ከተማ ነው። በወጣትነታቸው የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ስለ መጽሐፋቸው ሊናገሩ ላስ ቬጋስ መጥተው ብላክ ጃክ ጠረጴዛ ላይ ካርድ የምታድል ሴት አገቡ፤ በዚያው ቀሩ። እኔ ስደርስ ባለቤታቸው ከሞተች ቆይታለች። ምልክቶቿ ግን እጃቸው ላይ ቀርተው ነበር። የጻፍነውን መልሼ ሳነብላቸው፣ ዓረፍተ ነገሩ ከጎደለባቸው ካርድ እንደሚጠይቅ ሰው በጣታቸው ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋሉ፤ ጨምር ማለት ነው። ከበቃቸው መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጠረግ ያደርጋሉ። እኔ ቅጽል ሳበዛ ደግሞ እንዲህ ይሉኝ ነበር፦ «ቅጽል እንደ ቲፕ ነው። መጀመሪያ ምግቡ ይቅረብ።» ከዚያን ቀን ወዲህ ከግጥሞቼ ውስጥ የነቀልኩትን ቅጽል ብዛት እኔ ነኝ የማውቀው።

አሠራራቸው የጉድ ነው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ትዕይንቱን በሰው ነበር የሚያቆሙት። አንተ በር ሁን ይሉኛል፤ ሳሎኑ መሃል በር ሆኜ እቆማለሁ። በዱላቸው እየተመሩ በእኔ በኩል ይወጣሉ፣ ይገባሉ፣ የታናሿን እርምጃ ይለካሉ። ከዚያ ሮጬ ኮምፒውተሩ ላይ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አክስቴን ከወጥ ቤት ጠርተው መሃል ላይ አቆሟት።

«ምን ሁኚ ነው የሚለኝ?» አለችኝ በአማርኛ።

«ዘንዶ።»

«በጊዮርጊስ ዕለት ተወልጄ ዘንዶ! ሃይማኖቴ አይፈቅድልኝም በለው።»

ነገርኳቸው። በቁም ነገር አሰቡበት። «ቅዱስ ጊዮርጊስ የእኛ የእንግሊዞችም ነው፣ ላስቀይመው አልፈልግም። ተራራ ትሁን። ከተራራ ጋር ጠብ የለውም።»

«ተራራ ይሻላል» አለች አክስቴ። ሶፋው አጠገብ ተራራ ሆና፣ ስልኳን እያየች፣ ምዕራፉ እስኪያልቅ ቆመች። በኋላ ጋሼ ትላቸው ጀመር። ትርጉሙን አልጠየቋትም፤ ስትጠራቸው ግን አቤት ይሉ ነበር።

አምብሮዝን አንቱ እላለሁ። እህታቸውን ሂልዳን ግን አንቱ ማለት ከብዶኛል፤ ምክንያቱም ስለ እሷ ሲያወሩ ሁልጊዜ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናብ ሲደበደብ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበር። አንድ ሌሊት አንድ ብርድ ልብስ ሥር ሆነው «ይሄን ዝናብ የሚሰርቅልን ሌባ የለም?» ብላ ጠየቀቻቸው። ታሪኩ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ነገ መጨረሻውን እነግርሻለሁ አሏት። ነገው ዕድሜ ሙሉ ፈጀ።

አሁን ሂልዳ እንግሊዝ አገር የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ናት፤ ልቧ ታማለች። በየእሑዱ ጠዋት፣ በእነሱ ማታ፣ ስልኩን ጮክ አድርገን የሳምንቱን ምዕራፍ አነብላታለሁ። ማንበብ የነበረባቸው አምብሮዝ ናቸው፤ ዓይናቸው ስላልቻለ ነው እኔ የተተካሁት። ሂልዳ ይህን ነገር ፈጽሞ አልረሳችልኝም።

«ይሄ ልጅ ንጉሡን እንደ አስተናጋጅ ነው የሚያናግረው።»

«አስተናጋጅ ነበርኩ» አልኳት።

«ታዲያ ዛሬ እንኳ ዘውድ ድፋ! እሺ፣ ቤቷ ገባች?»

«ገና ናት ሂልዳ» ይላሉ አምብሮዝ። «ወንዙ ማዶ ናት።»

«ስድስት መጽሐፍ ሙሉ ስትሄድ ታገሥኩ። አሁን ደግሞ ስትመለስ! ምን ትጠብቃለህ?»

«አታስቸኩይኛ።»

«የማስቸኩልህ እኔ አይደለሁም፤ ልቤ ናት።»

ስልኩ ሲዘጋ አምብሮዝ ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ እንዳለ ይቀራል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይወርዳል። የራሳቸውን ሞት ሲፈሩ አላየኋቸውም። የሚፈሩት ሂልዳ መጨረሻውን ሳትሰማ እንዳትሄድ ነበር። «መጽሐፉን ዓለም ሁሉ ቢያነበው» አሉኝ አንዴ፣ «እሷ ካልሰማችው አልተነገረም።» ለዚህም ነው ቅጂ የማይፈቅዱት። ታሪኩ አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው ይላሉ፤ እሱም የጠረጴዛቸው ኮምፒውተር ነው። ወደ ሌላ ቦታ እንዳልልከው አስምለውኛል።

በዚያው ዓመት ብርዱ ሲመጣ፣ አንድ ቀን በቀትር፣ እሳቸው ጋደም እንዳሉ የቤቱ ስልክ ጮኸና አክስቴ አነሳችው። የሂልዳ ልጅ ኮሊን ነው። እናቱ ሌሊት ዐርፋለች። ቀብሩ በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ነው፤ ከጥቂት ሰው በላይ ስለማይፈቀድ በኢንተርኔት ይተላለፋል። አጎቱ ብቻቸውን ናቸው ወይ ብሎ ጠየቀ።

«እኔ አለሁ» አለችው አክስቴ። «እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ኮሊን አመሰገናት። አጠገባቸው ካለ ሰው አፍ ቢሰሙት ይሻላል አላት። ዛሬውኑ ትነግራቸዋለች ብሎ ነው ያሰበው፤ ሌላ ምን ሊያስብ ይችላል? አክስቴ ደግሞ ዛሬ የሚለው ሐሳብ በአእምሮዋ አላለፈም። ሰው መሰብሰብ አለበት። ሰው ደግሞ ሥራ ላይ ነው፤ ኦቨርታይም የተገኘበት ጊዜ ነው፤ ገሚሱ ኮሮና ይዞት ራሱን ለይቶ ተቀምጧል። ሁሉም የሚመቸው የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ብቻ ሆነ። ቀብሩ ቀድሞ ማለፉ ለእሷ ችግር አልነበረም። በውጭ አገር ያለ ሐዘንተኛ ከቀብር በኋላ መረዳቱ የታወቀ ነው። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው።

እሑድ መጣ። ጉሮሮዬን ጠራርጌ፣ ገጾቹን ከፍቼ ተቀመጥኩ። አክስቴ እጇን እያደረቀች ከወጥ ቤት ወጣች።

«ከዚያ ደውለው ነበር» አለች፣ ወለሉን እያየች። «ዛሬ አይመቻትም ብለዋል። ደክሟታል።»

አምብሮዝ ፊታቸውን ወደ ኮምፒውተሩ አዞሩ። ከዚያ ዱላቸውን አነሱ። «እንግዲያው ለሚመጣው እሑድ መጨረሻውን ነው የምታገኘው። ሙሉውን!»

እንደዚያ ሳምንት አድርገው ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ሰው አላቆሙም፤ በርም ተራራም አላስፈለጋቸውም። የባለቤታቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ታናሿን ወንዙን አሻግረው ወደ መንደሯ አቅጣጫ መሯት። በመንገድ ላይ እሳቸውና ሂልዳ ብቻ የሚያውቁትን ነገር ይሰነቅሩ ነበር። አንዲት ዝይ አለች፤ የልጅነት ርእሰ መምህራቸውን አካሄድ ትሄዳለች። እሱን ሲናገሩ ሳቅ አፈናቸው። «ይቺን ወዲያው ትይዛታለች» አሉ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጽፋለሁ። ፈጣን ነበሩ፤ የማላውቀው የእንግሊዝኛ ቃል በየመሃሉ ይመጣል። የፊደሉን አጻጻፍ የሚያሳድድ ጆሮ ታሪክ አይሰማም። ቀስ ብዬ ደግሜ አነበዋለሁ፣ እሑድ ለሂልዳ ሳነብላት በደንብ እሰማዋለሁ እያልኩ ጻፍኩ።

ዓርብ ጠዋት አለቀ። አምብሮዝ መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ ጠረግ አደረጉ። በቃ።

«አስካለ!» ብለው ተጣሩ። «ታናሿ ጨረሰች!»

አክስቴ በሩ ላይ ብቅ ብላ እንኳን ደስ አለዎት አለችና ተመለሰች። ወጥ ቤት ውስጥ ቧንቧው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁ።

ማታ ደወለችልኝ። ነገ በጠዋት ና፣ ጠቆር ያለ ልብስ ልበስ፣ አለች። ምክንያቱን ብጠይቃት ስትመጣ ትሰማለህ ብላ ዘጋችው። ጠዋት ስደርስ ቤቱ ፊት ለፊት ሁለት መኪና ቆሟል። የዕድራችን ሰብሳቢ አቶ መርጊያ ሙሉ ልብስ ከጭንብል ጋር ለብሰው ታጣፊ ወንበር ያወርዳሉ። እትዬ ሸዋዬ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ የሞላ የፎይል ትሪ ታቅፈዋል። የሰፈሩ በር ጠባቂ ምን ጉዳይ ነው ቢላቸው፣ አቶ መርጊያ እንዴት እንደሚያስረዱት ጨንቋቸው «ቤተሰብ ነን» ብለው ገብተዋል።

አክስቴ ወደ ጎን ወስዳ ነገረችኝ።

«መቼ?» አልኳት።

«ባለፈው ሳምንት።»

«ቀብሩስ?»

«ትናንት።»

«ትናንት? በኢንተርኔት ሊያዩት ይችሉ አልነበር?»

«ቀብር በስልክ ይታያል እንዴ? ብቻውን ሶፋ ላይ ተቀምጦ፣ እህቱ አፈር ስትገባ በስልክ ይይ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እናቴ የሞተች ጊዜ እኔ እንዴት እንደሰማሁ ታውቃለህ? የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ፣ አንሶላ እያጠፍኩ፣ የማላውቀው ሰው ደውሎ ‹እንዴ፣ አልሰማሽም?› አለኝ። ማሽኑ ይጮሃል። የሚይዘኝ ሰው የለም። ማንንም እንደዚያ አላደርግም ብዬ ተስያለሁ።»

 

ወንበሮቹን ጓሮው ውስጥ አራርቀን ደረደርን። አምብሮዝ ፒጃማቸው ላይ ካፖርት ደርበው ወጡ። ፊት አይለዩም፤ ሰዎች መቆማቸውን ግን አዩ። ደስ አላቸው።

«ይሄ ሁሉ ገጸ ባሕርይ ከየት መጣ?» አሉ። «ማን የት እንደሚቆም ንገሩኝ እንጂ።»

እትዬ ሸዋዬ አልቻሉም፤ ጭንብላቸው ውስጥ ማልቀስ ጀመሩ። አምብሮዝ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። ፈገግታው ገና አልጠፋም። አክስቴ ቀርባ እጃቸውን ያዘች።

«ጋሼ» አለች። «ሂልዳ።»

ሌላ ቃል አላስፈለጋትም። አቶ መርጊያ ሲሮጡ መጥተው በዚያ በኩል ደገፏቸው፤ መራራቁን ሁሉም ረሳው። አስቀመጥናቸው። ዱላቸውን በሁለት እጃቸው ጨበጡ። እኒያ በሕይወታቸው አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች አጎንብሰው እግዚአብሔር ያጽናዎት አሏቸው፤ እኔ ተረጎምኩ። አመሰገኑ። ንፍሮውን በእጃቸው ዘግነው ምንድነው ሳይሉ በሉ።

ከዚያ መቼ እንደሆነ ጠየቁ። አክስቴ ነገረቻቸው። ቀብሩስ አሉ።

«ትናንት። በደንብ አልፏል፣ ጋሼ። ልጇ ነግሮኛል።»

«ትናንት» አሉ አምብሮዝ። «ትናንት ስንት ሰዓት?»

«በእኛ ጠዋት።»

ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ፤ ባያዩኝም። ጠዋት ምን እየሠራን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ሰዎቹ እስኪሄዱ ድረስ እንግዳ እንደሚሸኝ ሰው ሆነው ቆዩ። አቶ መርጊያን ከየት እንደመጡ ጠየቁ፤ እትዬ ሸዋዬን ስለ ንፍሮው አመሰገኑ። የመጨረሻው መኪና ሲወጣ ወደ ሳሎን ገብተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ።

«ሳምንቱን ሙሉ» አሉ፣ «ለሞተ ሰው ስቀልድ ነበር።»

አክስቴ አለቀሰች። በእንግሊዝኛዋ ልታስረዳ ሞከረች፤ ስለ ልብስ ማጠቢያው፣ ስለ ማሽኑ ጩኸት ነገረቻቸው። አቋርጠው አላስቆሟትም፤ እስክትጨርስ ሰሟት። ከዚያ እኔን ጠሩኝ።

«የመጨረሻውን ምዕራፍ አጥፋው።»

«ጋሽ አምብሮዝ...»

«አጥፋው አልኩህ። አንዲት ሴት ትሰማዋለች ብዬ ነው የተናገርኩት። አልሰማችም። እንግዲህ አልተነገረም።»

«አታጥፋ!» አለች አክስቴ በአማርኛ። «ሐዘን ነው የሚያናግረው። ነገ ይፈልገዋል። አጠፋሁ በለውና ደብቀው!»

እሳቸው ከኋላዬ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ሰውን በእጃቸው ነበር የሚያዩት፤ ጣቴ ሲንቀሳቀስ ትከሻዬ እንደሚነግራቸው አውቃለሁ። በዚያ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ለደግነት ተብሎ ሊታለሉ ሆነ። አላታለልኳቸውም። አጠፋሁት። የተጣለው ፋይል የሚጠራቀምበትን ቅርጫትም ባዶ አድርገው አሉ፤ አደረግሁት። እጃቸውን ከትከሻዬ አነሱ።

ትክክል ሠርቼ ይሆናል። ለመጸጸት ግን የግድ ጥፋት መሥራት አያስፈልግም።

አክስቴ የምትባረር መስሏት ሰኞ ዕቃዋን ልትሰበስብ ሄደች። አምብሮዝ ግን ቁርስ የታለ ብለው ተቀበሏት። እኔን ለብቻዬ ሲያገኙኝ እንዲህ አሉኝ፦ «ለራሷ የምትመኘውን ነው ያደረገችልኝ። ከዚህ በላይ ላመሰግናትም ልወቅሳትም አልችልም።» ከዚያ በኋላ ስለ ነገሩ አላነሱም። አልጻፉምም። የሚጻፍ ሲጠፋ እኔም ሥራ አልነበረኝም፤ ምግብ ማድረስ ጀመርኩ። አልፎ አልፎ ስሄድ በረንዳው ላይ፣ ሸለቆው ውስጥ ወዳለው ከተማ ዞረው አገኛቸዋለሁ። ግጥም አንብብልኝ ይሉኛል፣ በአማርኛ። አንድ ቃል አይገባቸውም። ጣታቸውን ወንበሩ ክንድ ላይ አሳርፈው ያዳምጣሉ፤ አንዳንድ ስንኝ ላይ መታ መታ ያደርጋሉ። ቤት ገብቼ ስንኙን ሳየው ብዙ ጊዜ በእርግጥም የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

አንድ ቀን ምዕራፉን እንደገና ይሞክሩት እንደሆነ ጠየቅኳቸው። መዳፋቸውን ጠረግ አደረጉ። በሚቀጥለው ጸደይ፣ ጠዋት፣ አክስቴ ቁርስ ይዛ ስትገባ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ትንፋሻቸው እየደከመ አገኘቻቸው። እጃቸውን ይዛ ቆየች። አምቡላንሱ ከመድረሱ በፊት ዐረፉ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አክስቴ ቤት ቡና ስንጠጣ ከእንግሊዝ አገር ተደወለ። ኮሊን ነው። ድምፁ የአጎቱን ይመስላል፤ ደንግጬ ተነሳሁ። ሰባተኛው መጽሐፍ ባለበት ሊታተም እንደሆነ ነገረኝ። አታሚዎቹ ኮምፒውተሩን አስፈትሸው የመጨረሻውን ምዕራፍ እንዳጡት፣ ግን በአንድ ወቅት እንደነበረ የሚያሳይ ምልክት እንዳዩ ነገረኝ። እኔ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኩት። አልተቆጣም። ጉሮሮውን አጠራ።

«ስለ አታሚዎቹ አይደለም የደወልኩት» አለ። «እናቴ በመጨረሻዎቹ ቀኖቿ ነርሶቹን ሁሉ ቤቷ ገባች ወይ እያለች ትጠይቅ ነበር። ማን ቤቷ እንደምትገባ አያውቁም። ራሷን መስሏቸው አዎ ገብተሻል ይሏት ነበር፤ እሷ ትናደዳለች። ምዕራፉን በእጅህ የጻፍከው አንተ ነህ። ገባች?»

አክስቴ ስልኩ ጮክ ብሎ ስለነበር ሰምታለች። ክርኔን ጎተተችው። «ገባች በለው! ምን አፍህን ትይዛለህ?»

በእነዚያ ወራት መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ የታናሿን መግቢያ ስንት ዓይነት አድርጌ እንደጻፍኩት አላውቅም። በዝናብ አስገብቻታለሁ፤ በድርቅም አስገብቻታለሁ። አንዳንዱ ጥሩ ነበር። ከመካከላቸው አንዱን ብነግረው ማንም አያውቅብኝም፤ ያመሰግነኝም ነበር። አንዳቸውም ግን የአምብሮዝ አይደሉም።

ስለዚህ ያለኝን ብቻ ነገርኩት። ወንዙን ተሻግራለች አልኩት። ጎህ ሲቀድ ከመንደሯ በላይ ያለው ኮረብታ ላይ ደርሳ የቤቷን ጭስ አየች። ውሻው አላወቃትም፤ እየጮኸ ወጣባት። ቆርቆሮውን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፣ የጫማዋን ማሰሪያ ልታስር ጎንበስ አለች። ከዚያ በኋላ አጎትህ አንዴ ሳቁ፣ አንዴ ዓይናቸውን ጠረጉ። የሳቁት በምን እንደሆነ፣ ያለቀሱት በምን እንደሆነ አላውቅም። ፊደል እየለቀምኩ ነበር።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውሰውም። ይቅርታ።»

አክስቴ ክርኔን ለቀቀችው። በስልኩ ውስጥ የሆነ ቦታ ዝናብ ጣሪያ ላይ ይወርዳል፤ ወይም መስመሩ ነው።

«ውሻው ድረስ ደርሳለች ማለት ነው» አለ ኮሊን በመጨረሻ። «እናቴ እኮ ገና ወንዙ ማዶ እንዳለች ነው የምታውቃት።»